አምስተኛው ቅጂ

ጥር 9 ቀን

ለውድ እትዬ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ልጅዎና ምራትዎስ? ያቺ ጥርስ አወጣች ያሉኝ የልጅ ልጅዎስ? ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። መልሱን ያዘገየሁት ረስቼዎት አይደለም፤ ስለ ጋሼ ለጠየቁኝ ምን ብዬ እንደምመልስ ቸግሮኝ ነው። አሁንም እንደቸገረኝ ነው። የመምህራችን ልብ ደክሟል። ሐኪሙ ደረጃ እንዳይወጡ ስለከለከላቸው ቢሮ መምጣት ካቆሙ ሁለት ወር አለፈ። በየሁለት ቀኑ ቤታቸው እየሄድኩ የመጽሐፉን ወረቀት አሳያቸዋለሁ። ገና ከበሩ ሳልገባ “ሰረዝ፣ ማተሚያ ቤት ገባ?” ይሉኛል። ሌላ የሚጠይቁኝ ነገር የለም።

ሰረዝ የሚለው ስም እንደተጣበቀብኝ ቀርቷል። ያኔ በቅጥነቴ ነበር ያወጡልኝ፤ አሁን ቢያዩኝ ግን ድርብ ሰረዝ ይሉኝ ነበር።

ስለ ክፍላችን የሰሙት እውነት ነው። የጥንት ጽሑፎች ክፍል ከመጪው ዓመት ጀምሮ ከመገናኛ ብዙኃን ትምህርት ክፍል ጋር ይጠቃለላል። ዲኑ “መዘጋት አትበሉ፣ መጠቃለል በሉ” ይላሉ። ዘንድሮ የተመዘገቡልን ተማሪዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው ፎርም ተሳስቶ ሞልቶ ነው የመጣው፤ ደግ ልጅ ስለሆነ ግን ሳይሄድ ቀረ። እርስዎና ጋሼ ስታነቡበት የኖራችሁትን ባለ ሁለት መስኮት ክፍል ሰዎች መጥተው በሜትር ለክተውታል። ሃያ ኮምፒዩተር ይገባበታል አሉ። ዲኑ የሰጡን ተስፋ አንድ ብቻ ነው፤ የጋሼ መጽሐፍ እስከ ሰኔ ታትሞ ከወጣ፣ እሱን ይዘው ቦርዱ ፊት ሊከራከሩልን ቃል ገብተዋል። “የመንገደኛው መጽሐፍ” ሰባቱም ቅጂ ተመሳክሮ፣ ልዩነቱ በግርጌ ማስታወሻ ተለቅሞ፣ ሠላሳ አራት ዓመት የተለፋበት ሥራ ነዋ! እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው ከእንግዲህ እንደማይመጣ እሳቸውም አልጠፋቸውም።

የቀረችኝ አንዲት ትንሽ ነገር ናት። ስለ አምስተኛው ቅጂ ነው፤ ያ የነጋዴው ቤተሰብ ለአንድ ወር አውሷችሁ የመለሳችሁት ብራና። ከካርዶቹ እንደማየው፣ እሱንም እንደ ሌሎቹ እርስዎ ጮክ ብለው ሲያነቡ ጋሼ አንደኛውን ቅጂ ይዘው እየተከታተሉ፣ ልዩነት በሰሙ ቁጥር ካርድ ላይ ጽፈዋል። እስከ ሠላሳኛው የብራና ቅጠል ድረስ ስልሳ አራት ልዩነት አለ። ከሠላሳ አንደኛው ጀምሮ እስከ መጨረሻው፣ እስከ ሰማንያ ስድስተኛው፣ “ከአንደኛው ጋር አንድ ነው” ከሚል በቀር ምንም የለም። ምናልባት የጠፋ ካርድ ይኖር ይሆን? ያንን ወር ያስታውሱታል?

ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ሰረዝ

—

ጥር 24 ቀን

ለሰረዜ፣

እንዴት ነሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል፣ ከዚያ በቀር ደህና ነኝ። የልጅ ልጄ ጥርሷን ሁለት አድርጋለች፤ በሁለቱም የምትነክሰው እኔን ነው። ምራቴ ጥሩ ልጅ ናት። ጥሩነቷ በዛና ሥራ አሳጣኝ እንጂ። ማንኪያ ባነሳ “እማዬ፣ እርስዎ አረፍ ይበሉ” ትላለች። ሳርፍ ሳርፍ ደከመኝ!

መጠቃለል ነው አሉ? አይ ዲኑ! ድመትም አይጥን ስትውጥ መጠቃለል ነዋ። ግን አልፈርድባቸውም፤ እሳቸውም ከላይ የሚጠይቃቸው አለ። እኔ ያዘንኩት ለክፍሏ ነው። የግራው መስኮት ሲዘጋ የሚንጣጣው ነገር ተሠራ ወይስ አሁንም እንደዚያው ነው? ያ ተሳስቶ የመጣውን ልጅ ደግሞ እንዳትለቂው። እኔስ ተሳስቼ አይደል የመጣሁት? ለጽሕፈት መኪና ሥራ ልፈተን ሄጄ ጋሼ የአንዱን ብራና ገጽ አስነብበውኝ፣ “ጽሕፈት መኪናውን ተዪው፣ አንቺ አንባቢ ነሽ” ብለው አስቀሩኝ።

ልባቸው ደክሟል ስትይኝ የኔም ደከመ። ይበላሉ ወይ? ልጃቸው አብራቸው ናት ወይስ ትመላለሳለች? እሱን አልጻፍሽልኝም።

ስለ አምስተኛው ቅጂ የጠየቅሽኝን እንጃ፣ ልጄ። ሠላሳ ዓመት እኮ ነው። እኔ መነጽሬን ትናንት የት እንዳኖርኩት የማላስታውስ ሴት ነኝ። ጋሼ አንድ ነው ብለው ከጻፉ አንድ ነው። ከአንደኛው የተገለበጠ ይሆናላ። ጸሐፊ ሁሉ ይሳሳታል የሚል ሕግ የለም።

መጽሐፉ ማተሚያ ቤት የሚገባበትን ቀን ግን በትክክል ጻፊልኝ።

እትዬሽ

—

የካቲት 11 ቀን

ለውድ እትዬ፣

የጠየቁኝን ልመልስ፤ ይበላሉ፣ ግን ጥቂት ነው። ልጃቸው ጠቅልላ መጥታ አብራቸው ናት። የግራው መስኮት አሁንም ይንጣጣል። መጽሐፉ ሚያዝያ 14 ቀን ይገባል።

አሁን ደግሞ የምጽፈው ያስቆጣዎት ይሆናል። እባክዎ አይቆጡኝ።

ከኮምፒዩተር ክፍል አንድ ባልደረባ መጥቶ አብሮን ይሠራል። ካርዶቹን ሁሉ ወደ ፕሮግራም አስገብቶ ቅጂዎቹን በዝምድናቸው ይደረድራል፤ የትኛው ከየትኛው እንደተወለደ። መንገደኛው ማን እንደሆነ እንኳ አያውቅም፣ ሳያነብ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ንቄው ነበር፤ አሁን አልንቀውም። ባለፈው ሳምንት ጠራኝና “ይቺ አምስተኛዋ ጤነኛ አይደለችም” አለኝ። “እስከ ሠላሳኛው ቅጠል ጸሐፊው እንደ ማንኛውም ሰው ይሳሳታል። ከዚያ በኋላ ድንገት መልአክ ይሆናል። ሃምሳ ስድስት ቅጠል አንዲት ፊደል ሳይስት የሚገለብጥ ሰው በየት አገር አለ?”

እኔ ሁለት ዓመት ካርዶቹን ሳገላብጥ ያልታየኝ ነገር ነው።

ነገሩ የግርጌ ማስታወሻ ጉዳይ ብቻ ቢሆን አልጨቀጭቅዎትም ነበር። የመጽሐፉን መጨረሻ ያውቁታል። በሌሎቹ አምስት ቅጂዎች መንገደኛው አገሩ ሲመለስ ወደ ቤቱ ይገባል። በአንደኛውና በአምስተኛው ግን የገዛ ደጁን አይቶ ያልፋል። ጋሼ የመረጡት ማለፉን ነው። ለምን ቢሏቸው አንደኛው ብቻውን አይደለም፣ አምስተኛው ይመሰክርለታል ይላሉ። የመግቢያው ሐተታ በሙሉ የቆመው በዚህ ምስክር ላይ ነው። ምስክሩ የሐሰት ከሆነ ሐተታው ይወድቃል።

ለነጋዴው ቤተሰብ ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ። አያትየው ከሞቱ ቆዩ፤ ብራናው የልጅ ልጃቸው እጅ ነው አሉ፤ መልስ አልሰጠኝም። ከጋሼና ከእርስዎ በቀር ያንን ቅጂ በዓይኑ ያየ ሰው የለም። ጋሼን ልጠይቃቸው ፈራሁ። ሠላሳ አንደኛው ቅጠል ላይ ምን እንደነበረ ትንሽም ቢሆን ትዝ ካለዎት ይጻፉልኝ።

ሰረዝ

—

የካቲት 20 ቀን

ሰረዝ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

በዚያ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አንድም ቀን ሥራዬን የጠረጠረ ሰው አልነበረም። መንገደኛው ማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ተነሥቶ ታመመች፣ ጤነኛ አይደለችም ሲል፣ አንቺም ያንን ይዘሽ እኔን ስትመረምሪ ማየት ደስ አይልም። ኮምፒዩተሩ የራሱን ስህተት ይቁጠር። የታመመ ሰው ቤት ተቀምጦ መጽሐፉን ይጠብቃል፤ አንቺ መጽሐፉን ታዘገያለሽ።

ሌላ የምጽፈው የለኝም።

እትዬሽ

ፖስታውን ከዘጋሁት በኋላ ከፈትኩት። የጻፍኩት ክፉ ቃል ነው፤ አንቺ አይገባሽም። ሹራብ ልኬልሻለሁ። እጅጌው ረዝሞ እንደሆነ እጠፊው።

—

መጋቢት 8 ቀን

ለውድ እትዬ፣

ሹራቡ ልክ ነው፤ እጅጌውም አልረዘመም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። እርስዎን ያህል ሰው በደብዳቤ እንዲያ መጠየቅ አልነበረብኝም። ነገሩን ትቼዋለሁ። ባልደረባዬንም “ተወው፣ እንደዚህም ያለ ጸሐፊ ይኖራል” አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀና ወደ ሥራው ተመለሰ።

መጽሐፉ በቀጠሮው ቀን ይገባል። የመጨረሻውን እርማት ጨርሻለሁ። ከሹራቡ ጋር በላኩልኝ የፖስታ ካርድ ላይ ጋሼ መግቢያውን ጨርሰውት እንደሆነ ጠይቀውኝ ነበር። ትናንት ጨረሱት። አልጋቸው ላይ ተደግፈው ቃል በቃል አስጻፉኝ። አንዱን አንቀጽ ሳያዩት ከሚታተም ብዬ ገልብጬልዎታለሁ። አስፈቅጃቸዋለሁ።

“ሰባቱን ቅጂዎች ያነበበችልኝ አንዲት ሴት ናት። ስሟን በሽፋኑ ላይ እንድናወጣ ብለምናት እንቢ ስላለችኝ እዚህም አልጽፈውም። እሷ ስታነብ እኔ ዘወር ብዬ ብራናውን አይቼ አላውቅም። አላስፈለገኝም፤ ዓይኔ እሷ ነበረች። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ስህተት ቢገኝ የኔ የእጅ ስህተት ነው።”

ሲያስጻፉኝ መሐል ላይ አረፍ አሉ። ውኃ ሰጠኋቸው። ከዚያ “አንብቢልኝ እስቲ” አሉና ሰምተው፣ “ጥሩ ነው፣ አትንኪው” አሉኝ።

ሰረዝ

—

መጋቢት 19 ቀን

ሰረዜ፣ ልጄ፣

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አምስተኛውን ቅጂ ከሠላሳኛው ቅጠል በኋላ አላነበብኩትም።

ይኸው ጻፍኩት። ብዕሬን ጥዬ ፊቴን ስሸፍን ምራቴ አይታኝ “እማዬ፣ አመመዎት?” ብትለኝ፣ አዎ አመመኝ፣ ዝም ብለሽ ተዪኝ አልኳት። የሆድ የሆዴን ልንገርሽ።

ያንን ብራና ሲያመጡልን ዓይኔን ሞራ ጀምሮት ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ቀኙ ከሞላ ጎደል ሄዷል፣ ግራው ትንሽ ያያል። የልጄ አባት ትቶን ከሄደ ዓመት አልሞላውም፤ ልጄ አራት ዓመቱ ነው። በዚያው ወር ደግሞ ቋሚ ሠራተኛ ሊያደርጉኝ ወረቀቴ አስተዳደር ቢሮ ተቀምጧል። የማያይ አንባቢ ማን ይቀጥራል? እስኪጸድቅልኝ ልደብቀው ብዬ ዝም አልኩ።

እስከ ሠላሳኛው ቅጠል እንደምንም አነበብኩ። ብራናውን አፍንጫዬ ሥር አስጠግቼ፣ ወደ መስኮቱ አዘንብዬ። ጋሼን ታውቂያቸዋለሽ፤ ሲከታተሉ ቀና አይሉም፤ ካርዳቸውና ፊታቸው ያለው ቅጂ ላይ ነው የሚያቀረቅሩት። ሠላሳ አንደኛው ቅጠል ላይ ግን ጸሐፊው ቀለሙን አቅጥኖታል። ገልጬ ሳየው ገጹ ሻይ የፈሰሰበት ጨርቅ መሰለኝ። አንድ ቃል ለመለየት ስታገል፣ አንደኛውን ቅጂ በቃሌ አውቀው የለ፣ አፌ ቀደመኝ። ልጄን እንኳ ያስተኛሁት በመንገደኛው ነው እኮ። የሚቀጥለውን መስመር በቃሌ አልኩት። ጋሼ አላስቆሙኝም። የሚቀጥለውንም። የሚቀጥለውንም። ቅጠሉን በጊዜው እገልጣለሁ፣ ጣቴን በመስመሩ ላይ አስኬዳለሁ፣ የማነበው ግን ሌላውን መጽሐፍ ነው። በሁለተኛው ቀን ጋሼ እርሳሳቸውን አስቀምጠው “ዛሬስ እንደ ውኃ ይፈስልሻል!” አሉኝ። ያ ምስጋና ከስድብ የከፋ ሆነብኝ፤ ግን ሳቅኩላቸው። ከዚያ በኋላ ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው የሆንኩት። ሃምሳ ስድስት ቅጠል።

ብራናውን ስንመልስ በጨርቅ የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። ባለቤቶቹ ይዘውት ሲወርዱ ከመስኮቱ አየኋቸው። ሮጬ ብመልሳቸው ኖሮ ነገሩ ያን ቀን ያልቅ ነበር፤ እኔ ግን መስኮቱን ዘጋሁት።

ዓይኔ በዓመቱ ታክሞ ሞራው ተገፈፈልኝ። ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ፊደል በፊደል ነው ያነበብኩላቸው፤ በእነሱ ማንም አይጠርጥረኝ። አምስተኛውን ግን ሦስት ጊዜ ልነግራቸው ተነሥቼ ሦስቱንም ጊዜ ተውኩት። የመጨረሻው ጡረታ ስወጣ ነው። አበባ ይዘው መጡ። አበባ ለያዘ ሰው ይህ እንዴት ይነገራል? “ጸሐፊ ሁሉ ይሳሳታል የሚል ሕግ የለም” ብዬ ጻፍኩልሽ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! በቀደምም አንቺን የተቆጣሁት ደረቴ ላይ ስለቆምሽብኝ ነው።

ዝም ብዬ ልሙት ብዬ ወስኜ ነበር። ያቺ የላክሽልኝ አንቀጽ ናት እንቢ ያለችኝ። ዓይኔ እሷ ነበረች ይላሉ! ይህ እንዲታተም አልፈቅድም።

ነገሩን ስነግርሽ ምን እንደማበላሽ አውቃለሁ። መጽሐፉ ይቆማል። እሳቸው ሳያዩት ሊሄዱ ይችላሉ። አንቺም ክፍሉን ታጪያለሽ። ይህን ሁሉ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያለውን የታሸገ ፖስታ ለጋሼ ስጪልኝ፤ አንቺ አትንገሪያቸው፤ ከኔ ይስሙት። ስጪ ብዬ እለምንሻለሁ እንጂ ማዘዝ አልችልም። ፖስታው እጅሽ ላይ ነው።

እትዬሽ

—

ሚያዝያ 6 ቀን

ለውድ እትዬ፣

ከትናንት ወዲያ በመጣው የፖስታ ካርድዎ ላይ የጻፉት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። መልሱም አጭር ነው፤ አይ፣ ጋሼ አልረገሙዎትም።

የቀረውን ደግሞ እንደሆነው ልንገርዎ። ፖስታውን አራት ቀን መሳቢያዬ ውስጥ አቆየሁት። እውነቱን ልናገር፣ እዚያው ልተወው አስቤ ነበር። መጽሐፉ ይወጣል፣ ጋሼ ያዩታል፣ ክፍሉ ይተርፋል፣ እርስዎም በሰላም ያርፋሉ፤ ማን ይጎዳል? ይህን እያሰብኩ ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ “ጸሐፊው የጻፈውን እንጂ መጻፍ የነበረበትን አትመዝግቡ” ብዬ ሳስተምር፣ ያ ፎርም ተሳስቶ የመጣው ልጅ አምኖኝ በደብተሩ ሲጽፍ አየሁት። አፈርኩ። ከክፍል እንደወጣሁ ፖስታውን ይዤ ሄድኩ።

ዓይናቸው ስለሚደክም እኔው አነበብኩላቸው። ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ከዚያ “ውጪ” አሉኝ። ሦስት ቀን ልጃቸው ከበር መለሰችኝ፤ ከእሷም ጋር አያወሩም ነበር። በአራተኛው ቀን አስጠሩኝ። የአምስተኛው ቅጂ ካርዶች አልጋው ላይ ተዘርግተዋል። እየቆጠሩ ነበር።

“ሰረዝ፣” አሉኝ፣ “ለካ አምስተኛው አልተነበበም።”

“ጋሼ፣ ይቅርታ” አልኳቸው።

“የምን ይቅርታ! ያልተነበበ ቅጂ አለ ነው የምልሽ። እኔ ሥራው አልቆ ሞቴን የምጠብቅ መስሎኝ ነበር።” ከዚያ ስልክ አምጪ ብለው ማተሚያ ቤት ራሳቸው ደውለው አስቆሙት። ልጃቸው አለቀሰች። “አባዬ፣ ሠላሳ አራት ዓመት የጠበቅከውን ሳታየው?” ብትላቸው፣ “ውሸቱን ከማይ ባላየው ይሻለኛል” አሏት። ያን ቀን ምሳቸውን ጨርሰው በሉ።

ዲኑ ግን አዘኑብኝ። “ባዶ እጄን ቦርድ ፊት ምን ልበል?” አሉ። እውነታቸውን ነው። ቦርዱ ባለፈው ሳምንት ወሰነ። ክፍሉን በሰኔ እናስረክባለን። እኔ መገናኛ ብዙኃን ሄጄ የደብዳቤ አጻጻፍ አስተምራለሁ። ይህን ያህል ደብዳቤ ከጻፍኩልዎት በኋላ ይከብደኛል ብለው ነው? ካርዶቹና መጻሕፍቱ ወደ ጋሼ ሳሎን ይሄዳሉ። ልጃቸው ሶፋውን አስወጥታ ቦታ አዘጋጅታለች። ባልደረባዬም ፕሮግራሙን ይዞ ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ ብሏል። አሁን መንገደኛውን ማንበብ ጀምሯል፤ ደጁን አይቶ ማለፉ አናዶታል።

ስለ እርስዎ ጋሼ አንድም ቃል አልተናገሩም። ያንን የመግቢያ አንቀጽ ላውጣው ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ “ተዪው፣ ገና ነው” አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አላወቅኩም።

የነጋዴው የልጅ ልጅ በመጨረሻ መለሰልኝ። ፎቶ አይነሣም ይላል። አንድ ጊዜ የአያቱን ዕቃ ፎቶ ያነሡ ሰዎች በኋላ ሌባ ልከውበታል። “የፈለገ ሰው መጥቶ ሳሎኔ ቁጭ ብሎ ያንብብ፣ እኔ ፊቱ ሆኜ” ብሏል። አድራሻውን ስመለከት ከእርስዎ ከተማ ሁለት ሰዓት ተኩል በአውቶቡስ ነው። ለጋሼ አድራሻውን አነበብኩላቸው። “ላኪላት” አሉኝ።

ላክሁልዎት።

ሰረዝ

—

ሰኔ 21 ቀን

ለሰረዜ፣

በደህና ገብቻለሁ። ልጄ ይዞኝ ሄዶ ይዞኝ ተመለሰ። ለሁለት ሳምንት የሚሆን ክፍል እዚያው ተከራይቶልኝ ነበር። ምራቴ “እማዬ፣ እርስዎ አረፍ ይበሉ” ብላ ሳትጨርስ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ።

ብራናውን የያዘው የልጅ ልጅ ጎማ ነጋዴ ነው። ከታች ሱቁ፣ ከላይ ቤቱ። መጀመሪያ ቀን እጄን ሦስት ጊዜ አስታጠበኝ። ብራናው ቁም ሣጥን ውስጥ ከብርድ ልብስ በታች ነው የሚቀመጠው። ፊት ለፊቴ ወንበር ስቦ ጣቶቼን ይጠብቅ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ጥበቃውን ትቶ እያዳመጠ “ከዚያስ ምን ሆነ?” ይለኝ ነበር። የገዛ አያቱን መጽሐፍ ማን አንብቦለት ያውቃል! በሰባተኛው ቀን ሱቁን ለሠራተኛው ሰጥቶ ቁጭ አለ።

አንቺ ደግሞ የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። በመጀመሪያው ቀን እኔ ከጎማ ነጋዴው ቤት፣ እናንተ ከጋሼ ሳሎን ሆናችሁ ንባቡን በስልክ ስንጀምር፣ የመጨረሻውን የካርድ ሣጥን ከመኪና ልታወርጂ ወጥተሽ ስትመለሺ፣ ሁለታችንም ለምን ዝም እንዳልንና ጋሼ ለምን እንደሳቁ ጠይቀሽኛል። በስልክ ልነግርሽ አልሆነልኝም፤ ጎማ ነጋዴው አጠገቤ ነበር።

አንቺ ስትወጪ ስልኩ ጋሼ እጅ ቀረ። ድምፃቸውን ከሰማሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

“አለሽ?” አሉኝ።

“አለሁ፣ ጋሼ።”

“መነጽር አድርገሻል?”

“አድርጌያለሁ።”

“ብርሃኑስ?”

“መስኮቱ ሥር ነኝ።”

ያን ሁሉ መንገድ በሆዴ ስሰድረው የመጣሁት ይቅርታ ነበር፤ “ጋሼ፣ እኔ . . .” ስል አቋረጡኝ። “ቆይ፣” አሉኝ፣ “ሠላሳ ዓመት የአንቺን ንባብ ይዤ ከሰው ሁሉ ጋር ተከራክሬያለሁ። ተቆጥቻለሁ። ቁጣዬም ገና አላለቀም። ሰማንያ ስድስተኛው ቅጠል ላይ ስንደርስ እንነጋገርበታለን። አሁን ቀስ ብለሽ አንብቢ። የማታዪውን እንዳታነቢልኝ።”

እሺ አልኩ። ሠላሳ አንደኛውን ቅጠል ገለጥኩት። ቀለሙ ያው ነው፣ ሠላሳ ዓመት ሲጨመርበት ደግሞ ብሶበታል። የመጀመሪያዋ ቃል ታየችኝ፣ አነበብኳት። ሁለተኛዋም ታየችኝ። ሦስተኛዋ እንቢ አለችኝ። ወደ መስኮቱ አዘነበልኩ፣ መነጽሬን ጠረግኩ፣ የለችም። አፌ ግን የአንደኛውን ቅጂ ቃል አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ሊወጣ ጥርሴ ላይ ደርሷል። ከንፈሬን ነከስኩ። ጋሼ ይጠብቃሉ። አንቺ ሣጥኑን ይዘሽ ስትገቢ የሰማሽው ዝምታ እሱ ነው።

“ጋሼ፣ ይቺ አልታየችኝም” አልኳቸው።

ያኔ ነው የሳቁት። “አልታየም” ብለሽ ጻፊ ብለው ያስጻፉሽ የመጀመሪያው ካርድም እሱ ነው።

እትዬሽ